ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

ጂንካ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለአብደላ፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ አላህ በጤናና በሥራህ ላይ ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ ጨክኖብን አውሮፕላኑ ማረፍ አቅቶት ከረመ፤ ሜዳው ላይ ያረፉት ላሞች ብቻ ናቸው። ፖስታው የዘገየው ለዚህ ነው። ኸዲጃ ሱቋን ይዛ ጎረቤቱን ሁሉ እየተቆጣች አለች፤ ጤነኛ መሆኗን የማውቀው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያቺን ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪናዬን ከሸጥኳት ወዲህ ሥራ ፈት ሆኛለሁ። ለምን ሸጧት ብለህ ባለፈው ጠይቀኸኛል። አርጅታ ነው ብዬህ የለ? አሁንም መልሱ እሱው ነው። ግን አንተ ልጅ፣ ከመሪ የራቀ ሾፌር ሰው እንዳይመስልህ። ጠዋት ተነስቼ ደጃፍ እቀመጣለሁ። የጭነት መኪና ሲያልፍ ማርሽ ሲቀየር እሰማና «ይኼ ቸኮለ፣ ይኼኛው ዘገየ» እያልኩ ብቻዬን እፈርዳለሁ። ኸዲጃ «ደግሞ ከራስህ ጋር ማውራት ጀመርክ?» ትለኛለች።

ቀይ አፈር ከተማ፣ የገበሬዎች ማኅበር ግቢ ውስጥ፣ ከግራር ሥር አንዲት የአሜሪካን ፒካፕ ቆማለች። የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የነበሩት ፈረንጆች ሲሄዱ ትተዋት ነው። ሞተሯ እንከን የለውም፤ ግን የሚነዳት ጠፋ። የሞከራት ሁሉ «ይቺ የራሷ ሐሳብ አላት» እያለ ይወርዳል። ሄጄ በሯን ከፍቼ ወደ ውስጥ ሳይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ፍሪሲዮን የላትም! ቤንዚን መስጫና ፍሬን፣ በቃ። ማርሽ የምትቀይረው ራሷ ናት። ይኼ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አሁን አልነግርህም፤ ብቻ ልቤ ዘለለ።

የማኅበሩን ሊቀመንበር ለመንኩት። «ጋሽ ሸምሱ፣ እህል ጭነው ከካኮ በላይ ያለውን ዳገት ካወጧት የማኅበሩ ሾፌር እርስዎ ነዎት» አለኝ። ሰው ፊት ነው ያለው። እንግዲህ አንተ እንዲህ ያለውን ካምቢዮ ስትፈታና ስትገጥም ነው የምትውለው። መቼ እንደምትቀይር በምን ታውቃለች? አጥብቄ ቤንዚን ስሰጣትስ ምን ታደርጋለች? እኔ ኤንትሬ ሳስተምርህ አልሰለቸሁም፤ አንተም ሳትሰለች ጻፍልኝ።

ስለ ትዳር ኸዲጃ ጠይቅልኝ ብላለች። ይኸው ጠይቄያለሁ።

አጎትህ ሸምሱ

———

ጅዳ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አጎቴ ሸምሱ

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ እርስዎንና እትዬ ኸዲጃን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤዎ ተከፍቶ፣ እንደገና ተለጥፎ ነው የደረሰኝ። የከፈተው ሰው ስለ ካምቢዮ አንብቦ ምን እንዳሰበ አላህ ይወቅ።

ጥያቄዎን ካነበብኩ ወዲህ በሥራ ላይ ሳለሁ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ማርሽ ሲያገባ ድምፅ አይሰማም የሚባልለት ሸምሱ፣ ማርሽ የማይነካባት መኪና ሊነዳ! ይሁን፣ ቀልዱን ልተውና ልመልስ።

ካምቢዮዋ ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ዘይት አለ። ነገሩን ሁሉ የምትወስነው በዚያ ዘይት ግፊት ነው። ሁለት ሰዎች ገመድ ሲጓተቱ ያስቡ። አንደኛው የመኪናዋ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር «ወደሚቀጥለው ማርሽ እንለፍ» ይላል። ሁለተኛው የእርስዎ እግር ነው፤ ቤንዚን መስጫውን በተጫኑ ቁጥር «ቆይ፣ ገና ነው፣ ሰውየው ጉልበት ይፈልጋል» ይላል። ቀስ ብለው ሲሰጧት ፍጥነት ቶሎ ያሸንፋል፤ ሳይታወቅዎ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ትገባለች። አጥብቀው ሲሰጧት ግን አንደኛው ላይ ትቆያለች። ፍጥነቱ እግርዎን እስኪያሸንፈው ድረስ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አትቀይርም።

በሦስተኛ እየሄዱ እስከ ወለል ቢረግጧት ደግሞ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ሁለተኛ፣ ሲብስም አንደኛ ትገባለች። ያን ጊዜ ዝላይ ይሰማዎታል፣ ሞተሩም ድንገት ያገሳል። የተበላሸች ትመስላለች፤ አልተበላሸችም፣ የጠየቋትን ጉልበት እየሰጠችዎት ነው።

አደራ የምልዎት አንድ ነገር አለ። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጮህ እግርዎን አያንሱ። በኤንትሬ ጩኸት ሲሰማ እግር ይነሳል፣ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ማርሽ ይቀየራል። በዚችኛዋ እግርዎን ካነሱ «ጉልበቱ በቃኝ» እንዳሏት ትቆጥረዋለች፤ ወደ ላይኛው ማርሽ ታልፍና ከነጭነትዎ ዳገት መሐል ትዝላለች። ከተቻለ የማርሽ እጀታውን «1» ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ አልፋ አትሄድም።

ከዑምራ ከሚመለስ የቡታጅራ ሰው ጋር ጫማ ልኬልዎታለሁ። ቁጥርዎን አልረሳሁም። ስለ ትዳር፣ መጠየቅዎን ለእትዬ ይንገሩልኝ።

የእህትዎ ልጅ አብደላ

———

ጂንካ፣ የካቲት 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአብደላ

ባለህበት ሰላምህ ይብዛ። ጫማው ደርሷል። ቆዳው ጉድ ነው፤ የቀኙ ልክክ ብሎልኛል። አላህ ይስጥህ።

ሞከርናት። ባልሞከርናት ይሻል ነበር። እጀታው «1» እና «2» ላይ አልገባም አለ፤ ፈረንጆቹ ድንጋይ ላይ አሳርፈዋት ከሥር ያለው ዘንግ ታጥፏል፣ ብናቃናው እንዳይሰበር ፈራን። ስለዚህ ያለኝ እግሬ ብቻ ነው። ማሽላ ጭነን፣ ሊቀመንበሩ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ከኋላ የካኮ ገበያተኛና አንድ የበና ሽማግሌ ከነፍየሉ ወጥተው ከካኮ ወደ ቀይ አፈር ተነሳን።

ሜዳው ላይ እንዴት ያለች መኪና መሰለችህ! ውሃ ላይ የምሄድ ነው የመሰለኝ። ዳገቱ ሲጀምር እንዳልከው ረገጥኳት። ዘለለች፣ ጮኸች። ወይ ጉድ፣ ያ ጩኸት! ሳላስበው እግሬ ቀለል አለ። ወዲያው ዝም አለችና ዛለች። እንደገና ረገጥኩ፤ እንደገና ጮኸች፤ እግሬ እንደገና ተነሳ። እንዲህ ስንሠራ ስናፈርስ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። መሐል ላይ ቆመች። በፍሬን እየያዝኩ ወደ ኋላ አወረድኳት። የበናው ሽማግሌ ፍየሉን አቅፎ ዘሎ ወረደና በእግሩ አዘገመ፤ ቀይ አፈር የደረሰው ከእኛ በፊት ነው። ሊቀመንበሩ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። እኔ ግን ጆሮዬ ሁሉ ጋለ።

ለምኜ ለምኜ «እሺ፣ ከመኸር በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ» አስብዬዋለሁ። ያን ጊዜ ካላወጣኋት አበቃ።

የጻፍክልኝን ረስቼ እንዳይመስልህ። እያወቅኩ ነው እግሬ የሚነሳው። ለምን? አንተ የተማርክበት ነገር ነውና ንገረኝ። ካገኘህ ቀይ ዘይት ላክልኝ፤ እዚህ የለም።

አጎትህ ሸምሱ

———

ጅዳ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሸምሱ

አላህ ጤናውንና ዕድሜውን አብዝቶ ይስጥዎት። ዘይቱን አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ወደ ጂንካ የሚያሻግርልኝ ሱቅም ነግሬዋለሁ። ዘይቱን ሲለኩ ሞተሩ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ ቆማ ይሁን።

የነገሩኝን ለጋራዡ አለቃ አወራሁት። ግብፃዊ ሽማግሌ ነው፣ ዕድሜውን በካምቢዮ የጨረሰ። ሳልጨርስ አቋረጠኝና «ግራ እግሩ የት ነው?» አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። በፍሪሲዮን ያደገ ሰው እንዲህ ያለችውን መኪና ሲይዝ ግራ እግሩ ሥራ ያጣና ሳያውቀው ፍሬን ላይ ይወጣል። ቀኙ ቤንዚን ይሰጣል፣ ግራው ፍሬን ይይዛል። መኪናዋ ትዝላለች፣ ዘይቱም ይቃጠላል። እርስዎ የጻፉት ቁርጥ ይኼ ነው።

አጎቴ፣ ቅር እንዳይልዎት፤ ልምድ ክፉ ነገር ስለሆነ ነው የምጨቀጭቅዎት። ግራ እግርዎን ከመቀመጫው ሥር ያስገቡት። እምቢ ካለ በገመድ ይሰሩት። በሁለቱም ደብዳቤዎ ስለ ግራ እግርዎ አንድም ቃል አልጻፉልኝም፤ ጥፋቱ እሱ ጋ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። ዳገቱን ሲወጡ የት እንደሚያስቀምጡት በደንብ አስታውሰው ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ አብደላ

———

ጂንካ፣ ሰኔ 28 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአብደላ

ሰላም ላንተ ይሁን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆይቷል። ስንት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ተቆጥቼ ነበር፤ አንተን ግን አይደለም።

ግራ እግር የለኝም።

በ1975 ክረምት ነው። ከካኮ ወዲህ ጎማ ስቀይር መሬቱ ረጥቦ ኖሮ መኪናዋን ያነሳሁበት ክሪክ ሸሸ። ኤንትሬዋ ከነጭነቷ እግሬ ላይ ተቀመጠች። አርባ ምንጭ ወስደው ከጉልበቴ በታች ቆረጡልኝ። ነፍሴን ያተረፉልኝ እነሱ ናቸው፣ አመሰግናቸዋለሁ። ኤንትሬዋን የሸጥኩት አርጅታ አይደለም። ፍሪሲዮኗን የሚረግጥ እግር ስላጣሁ ነው።

ለምን ደበቅከኝ እንደምትል አውቃለሁ። ብነግርህ በማግስቱ ሥራህን ጥለህ ትመጣለህ። በየት በኩል ከአገር እንደወጣህ አውቃለሁ፤ ስትመለስ ማን ደጅ ላይ እንደሚቀበልህም አውቃለሁ። ከእናትህ ቤት የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ኸዲጃ ሁለት ዓመት ሙሉ «ንገረው» እያለች አንገበገበችኝ። የላክኸውን ጫማ ግራውን ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች፤ ሳየው እንዳይከፋኝ ነው መሰለኝ።

ያቺን ፒካፕ ሳይ ልቤ ለምን እንደዘለለ አሁን ገባህ? በዚህ አገር በአንድ እግር የምትነዳ መኪና እሷ ብቻ ናት። እሷ ከቀረችብኝ እስክሞት ደጃፍ ላይ መቀመጥ ነው።

አጎትህ ሸምሱ

———

ጅዳ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሸምሱ

አላህ ያጽናዎት። ደብዳቤዎን ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። አለቀስኩ፤ ሰዎቹ ሰው ሞቶብኝ መስሏቸው ሊያጽናኑኝ መጡ። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት እግር ላለው አጎት ዱዓ ሳደርግ ነበር። አዝኛለሁ። እንደ ልጅ ካዩኝ አይደብቁኝ። እግርዎን በገመድ ይሰሩት ብዬ መጻፌን ሳስብ ደግሞ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ካለቀስኩ በኋላ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የራሴን ግራ እግር በቀበቶ ወደ ኋላ አስሬ አንዲት የደንበኛ መኪና ላይ ወጣሁ። ግብፃዊው ያበድኩ መስሎት ከኋላዬ እየጮኸ ይሮጣል። ከግቢው መውጫ ያለው አቀበት ላይ እስከ ወለል ረገጥኳት። ስትፈተለክ ወገቤ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ቀኝ እግሬም አብሮ ተነሳ። ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም ተነሳ። እኔ ደግሞ ለሞተር ጩኸት የማዝን ሰው አይደለሁም።

አጎቴ፣ ግራ እግር ፍሪሲዮን ብቻ አልነበረም የሚረግጠው። ወለሉን ረግጦ ሰውነታችንን የሚደግፍልን እሱ ነው። መኪናዋ ስትወረወር የሚደግፍዎት ስለሌለ መሪው ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ቀኝ እግርዎም ይሸሻል። ጥፋቱ የልብዎ ብቻ አይደለም። ጉልበትዎ የሚደገፍበት ጠንካራ ነገር ወለሉ ላይ ያስመቱ። ጩኸቱን መቻል ግን ለእርስዎ የተተወ ነው፤ እሱን ከዚህ ሆኜ ልሠራልዎት አልችልም።

አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ፣ ልምጣ። የሚሆነው ይሁን።

ልጅዎ አብደላ

———

ቀይ አፈር፣ ጥር 25 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብደላ

ዱዓህን አላህ ሰምቶልሃል፤ ሰላም ይስጥህ። አትምጣ። ገና አትምጣ። ለምን እንደሆነ ልንገርህና ራስህ ፍረድ።

እግርህን አስረህ መንዳትህን ሳነብላት ኸዲጃ በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ስትነፋረቅ ሰማኋት። እኔም የበና ሽማግሌዎች የሚቀመጡባትን ትንሽ በርኩማ ገበያ ገዝቼ፣ ጨርቅ ጠቅልዬባት የመኪናዋ ወለል ላይ በቡሎን አስመታኋት። ጉልበቴን ሳስደግፍባት ወገቤ ቀጥ አለ። ዘይቱንም ቀየርን።

መኸሩ ገባ፣ ማሽላው ተጫነ። ከዳገቱ ሥር ስደርስ ቢስሚላህ ብዬ እስከ ወለል ረገጥኳት። ወደ አንደኛ ማርሽ ተመለሰች፣ ዘለለች፣ ጮኸች። ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር አስጩኼ አላውቅም፤ ሲጮህ የሚያመኝ ራሴን ነው። ጥርሴን ነክሼ ትጩህ ብዬ ተውኳት። ረጅሙ ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነት አገኘችና ራሷ፣ በራሷ ጊዜ፣ ቀየረች። እጄ ማርሽ ፍለጋ ተነስቶ ነበር፤ ባዶ አየር ጨብጦ ተመለሰ። ወጣን! ከኋላ ያለው ሰው እልል አለ። እኔ እንደ ልጅ ሳቅኩ።

ሊቀመንበሩ ሲወርድ ምን አለ መሰለህ? «እንዲህ ከሆነችማ ማንም ይነዳታል።» በማግስቱ ቁልፉን ለእህቱ ልጅ ለደምሰው ሰጠው። ቃልህስ ብለው «ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ ይረፉ» አለኝ። ይረፉ! እስከ ዛሬ ያረፍኩት አይበቃም? ቤቴ ገብቼ ሰው አላናግርም አልኩ። ኸዲጃ እንኳ አልተቆጣችኝም፤ ነገሩ የከፋ መሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሰንበት ብሎ ደምሰው ጂንካ ቤቴ ድረስ መጣ። ትራክተር ላይ ያደገ የአሪ ልጅ ነው፤ ጨዋ። ደጃፍ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጋሽ ሸምሱ፣ ዳገቱ ላይ ትዝልብኛለች። ዘይቷ ይሸታል። ባለፈው ወደ ኋላ ተንሸራታ ከኋላ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተረጋገጡ። ነገ ገበያ ነው፣ ምን ላድርግ?»

ሁለት እግር አለው፤ ጆሮው ግን የእኔው ዓይነት ነው፣ ሞተር ሲጮህ ያዝናል። መልሱ «እግርህን አታንሳ» ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ ግን አልነገርኩትም። ትቃጠል፣ ግራሩ ሥር ትመለስ፣ ሊቀመንበሩም እዚች ደጃፍ ድረስ መጥቶ ይለምነኝ ብዬ ተመኘሁ። ልጁ ይጠብቃል። ነገ ሰው ጭኖ ነው የሚወጣው፤ ከተንሸራተተችም ሰው ይዛ ነው። ኸዲጃ ከጓዳ «ሸምሱ» አለች።

«ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት።

ዳገቱ ሲጀምር «እስከ ወለል ርገጣት» አልኩት። ረገጠ። ጮኸች። ጉልበቱ ሲነሳ አየሁና እጄን ጭኜ ተጫንኩት።

«ይልቀቁኝ ጋሽ ሸምሱ፣ ትፈነዳለች!»

«አትፈነዳም። ትጩህ።»

«ኧረ በጌታ!»

በሁለት እጄ ተጫንኩት። ላብ አጠመቀው። ጉልበቱ ከእጄ ሥር ይታገለኛል፣ ሞተሩ ያገሳል፣ ከኋላ ያሉት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ ራሷ ቀየረች። ያን ጊዜ ጉልበቱ ረጋ። እጄን አነሳሁ፤ እሱ እግሩን አላነሳም።

ጫፍ ላይ ስንደርስ አቆመና ወረደ። ያመመው መስሎኝ ነበር። ዞሮ መጥቶ የእኔን በር ከፈተ።

«ወደዚያ ይሻገሩ» አለኝ።

«የምን ይሻገሩ ነው?»

«በርኩማዋን አልነቀልኳትም። እንዳለች ናት።»

ቀይ አፈር ገበያው መሐል የገባነው እኔ መሪ ይዤ፣ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ነው። ሊቀመንበሩ ሚዛኑ ጋ ቆሟል። አየኝ፣ ልጁንም አየና «ሾፌሩ አንተ አይደለህም እንዴ?» አለው። ደምሰው ገበያተኛው ሁሉ እየሰማ «አይደለሁም አጎቴ። እኔ የጋሽ ሸምሱ ረዳት ነኝ» አለ። ሊቀመንበሩ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየና «በሉ እህሉን አውርዱ» ብሎ ዞረ። እኔ መሪውን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሁለት ገበያ ተመላልሰናል። ይህንንም የምጽፍልህ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ ነው፤ ለዚህ ነው ጽሑፌ የተንጋደደው። ደምሰው ከኋላ ሰው እየጫነ ከአንዲት ባለማር ጋር ይጨቃጨቃል። አሁን ደግሞ ጣሪያዋን እየደበደበ «ጋሼ፣ ሞልቷል፣ እንሂድ!» ይለኛል። ልሂድ።

አጎትህ ሸምሱ
ሾፌር